‘ይገጥማል’ ማለት ‘ያተኩራል’ ማለት ነውን? ስለ ካሜራ ሌንስ ሞተርና ስለ አማርኛ ስያሜው የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ለጆሮ በመጣሙ፣ ከግዕዝ በመወለዱ ወይም ከባዕድ ቋንቋ ነፃ በመሆኑ ነው። እነዚህ መመዘኛዎች የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ይሁንና ከሁሉ መቅደም የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቃሉን ያነበበ ሰው ስለ ነገሩ ትክክለኛ ውሳኔ ለመስጠት ይችላልን? ቃሉ ይህን ካላስቻለ ውበቱም ሆነ የዘር ሐረጉ አያድነውም።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ጠባብ መስክ ላይ ለመፈተን ይሞክራል። መስኩ በራሱ የሚያተኩር የካሜራ ሌንስ፣ በውስጡ የሚገኘው ሞተርና ሌንሱ ከቀደምት ካሜራዎች ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ነገሩ ከሁለት ክፍል የተሠራ በመሆኑ ነው። ሌንሱ አንድ ዕቃ ነው፤ የካሜራው ቦዲ ሌላ ዕቃ ነው። ሁለቱ በተለያየ ዘመን ተሠርተው፣ በተለያየ ገበያ ተገዝተው፣ በአንድ ሰው እጅ ይገናኛሉ። በሚገናኙበት ጊዜ የሚሆነውን ገዢው አስቀድሞ የሚያውቀው በቃል ብቻ ነው። ቃሉ ከተሳሳተ ገንዘቡ ይባክናል። በሠርግና በምረቃ ፎቶግራፍ ለሚተዳደር ባለሙያማ ጉዳቱ ከገንዘብም ያልፋል፤ ሙሽሮች የሌንስ ቀለበት እስኪዞር ቆመው አይጠብቁም።

1. የነገሩ አሠራር

አንድ ሌንስ የጠራ ምስል እንዲሰጥ በውስጡ ያሉት የመስታወት ክፍሎች ከፊልሙ ወይም ከዲጂታሉ ምስል መቀበያ በልክ መራቅ ወይም መቅረብ አለባቸው። በእጅ በሚሠራው ሌንስ ይህን የሚፈጽመው የፎቶግራፍ አንሺው ጣት ነው፤ ቀለበቱን ያዞራል፣ በመመልከቻው ያያል፣ ምስሉ ጥርት ሲል ይተዋል። ካሜራው ይህን ሥራ ከሰው ሲረከብ ተግባሩ በሦስት ይከፈላል፤ እነርሱም መለካት፣ ማዘዝና ማንቀሳቀስ ናቸው። ከዚህ በታች በምንመለከታቸው ካሜራዎች መለካቱና ማዘዙ የሚከናወነው በካሜራው በኩል ነው። ማንቀሳቀሱ ግን ሞተር ይጠይቃል፤ የሞተሩም ቦታ እንደ አምራቹና እንደ ዘመኑ ይለያያል። የስያሜው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች አንዲት ልዩነት ነው።

ታሪኩን በአጭሩ መጥቀስ ያስፈልጋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የጃፓኑ ኒኮን፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ኒፖን ኮጋኩ ይባል የነበረው ኩባንያ፣ ‘ኤፍ’ የተባለውን ካሜራ ከነሌንስ መግጠሚያው በ1959 አወጣ። ከዚህ መግጠሚያ ፊት እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 46.5 ሚ.ሜ. ነው፤ ይህ ልክ ከ60 ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቷል። ኩባንያው በ1983 ኤፍ3ኤኤፍ የተባለውን ካሜራ ሲያቀርብ አብረውት የወጡት የ80 እና የ200 ሚ.ሜ. ሌንሶች ሞተራቸው በውስጣቸው ነበር። በ1985 ሚኖልታ 7000 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ግን ሞተሩን ከቦዲው ውስጥ አደረገ፤ ለዚህም አዲስ መግጠሚያ ስለ ሠራ የቀድሞ ሌንሶቹን ተሰናበተ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1986፣ ኒኮን ኤፍ-501 በተባለው ካሜራ ሞተሩን እንዲሁ ወደ ቦዲው አዛወረ፤ ይሁን እንጂ የ1959ኙን መግጠሚያ አልለቀቀም። አሠራሩ ቀላል ነው። ጫፉ እንደ ካቻቢቴ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ዘንግ ከቦዲው ብቅ ብሎ በሌንሱ ጀርባ ወዳለው ስንጥቅ ይገባል፤ ዘንጉ ሲዞር የሌንሱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል።

ካኖን በ1987 ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። ኢኦኤስ 650 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ከ1971 ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን ኤፍዲ የተባለ መግጠሚያ ጨርሶ ተወ፤ በየሌንሱ ውስጥ ሞተር አስገባ፤ በቦዲውና በሌንሱ መካከልም የሚዞር ዘንግ ሳይሆን የኤሌክትሪክ መነካኪያዎች ብቻ እንዲቀሩ አደረገ። ኒኮንም ከ1992 ጀምሮ በትላልቆቹ የርቀት ሌንሶች፣ ከ1996 ወዲህ ደግሞ ‘ኤኤፍ-ኤስ’ በሚል መለያ፣ ሞተሩን እንደ ገና ወደ ሌንሱ መለሰው። በ2006 ዲ40 የተባለውን አነስተኛ ካሜራ ሲያወጣ የቦዲውን ሞተር አስቀረ። በ2016 ‘ኤኤፍ-ፒ’ የተባሉትንና በጥቃቅን እርምጃ በሚዞር ሞተር የሚሠሩትን ሌንሶች አከለ። በ2018 ደግሞ ከፊቱ እስከ ምስል መቀበያው 16 ሚ.ሜ. ብቻ የሆነ ‘ዜድ’ የተባለ አዲስ መግጠሚያ አወጣ።

አንባቢ ከዚህ ታሪክ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሞተሩ ከሌንስ ወደ ቦዲ፣ ከቦዲ ተመልሶ ወደ ሌንስ ሄዷል። ስለዚህ ‘አሮጌ’ እና ‘አዲስ’ የሚሉት ቃላት የሞተሩን ቦታ አያመለክቱም። የ1983ቱ ሌንስ ሞተር አለው፤ የ1986ቱ የለውም። ዕድሜን የስያሜ መሠረት ያደረገ ተርጓሚ ገና ከመነሻው ይስታል።

2. ሲገናኙ የሚሆነው

የአንድ ኩባንያ ሌንሶችና ቦዲዎች፣ መግጠሚያቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሲገናኙ የሚሰጡት ውጤት ቢያንስ አራት ዓይነት ነው።

አንደኛ፣ ሌንሱ ይገባል፤ ካሜራውም በራሱ ያተኩራል። ሞተር የሌለው ሌንስ ሞተር ባለው ቦዲ ላይ፣ ወይም ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ የሌንስን ሞተር ማዘዝ በሚችል ቦዲ ላይ ሲሆን የሚገኘው ውጤት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌንሱ ይገባል፤ ብርሃን ይለካል፤ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ በራሱ ግን አያተኩርም። በዲ40 ላይ ሞተር የሌለው ሌንስ ሲሰካ የሚሆነው ይህ ነው። የሌንሱ ዘንግ ማስገቢያ አለ፤ ዘንጉን የሚያዞር ግን የለም። ፎቶግራፍ አንሺው ቀለበቱን በጣቱ ሲያዞር በመመልከቻው ውስጥ ያለች ትንሽ ነጥብ ልኩ ላይ ሲደርስ ትበራለታለች። ካሜራው መለካቱን አልተወም፤ የሚያንቀሳቅስለት አጣ እንጂ።

ሦስተኛው የሁለተኛው ግልባጭ ነው። ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ በኤፍ-501 ወይም በ1988 በወጣው ኤፍ-801 ላይ ሲሰካ በራሱ አያተኩርም። እዚህ ላይ ሞተር አልጠፋም፤ እንዲያውም ሁለት ሞተር አለ፤ አንዱ በቦዲው፣ ሌላው በሌንሱ። የጎደለው ትእዛዝ ነው። ቦዲው ከሌንሱ ሞተር ጋር መነጋገር አያውቅም፤ የራሱን ዘንግ የሚያስገባበት ስንጥቅም በሌንሱ ላይ አያገኝም።

አራተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ኤኤፍ-ፒ ሌንስ በዲ40 ወይም በ2008 በወጣው ዲ90 ላይ ሲሰካ ጥርሱ ከጥርሱ ገጥሞ ይቆለፋል፤ ነገር ግን በሞተርም በእጅም ማተኮር አይቻልም። ምክንያቱም የዚህ ሌንስ ቀለበት ከመስታወቱ ጋር በአካል አልተያያዘም፤ ሲዞር ለሞተሩ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ያስተላልፋል እንጂ። ሞተሩን የሚያነቃው ቦዲ ከሌለ ቀለበቱ በከንቱ ይዞራል።

እነዚህን አራት ውጤቶች ‘ተስማሚ ነው’ እና ‘ተስማሚ አይደለም’ በሚሉ ሁለት ሐረጎች ለመግለጽ መሞከር አራት ቀለም በሁለት ቃል ለመጥራት እንደ መሞከር ነው።

የካኖን ታሪክ ለቃል አጥኚ ትምህርት የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ካኖን በ1987 መግጠሚያውን ሲለውጥ ብዙ ደንበኞቹን አሳዝኗል፤ ቃሉ ግን እውነተኛ ሆኖ ቀረ። የኤፍዲ ሌንስ በኢኦኤስ ቦዲ ላይ ‘አይገጥምም’፤ ነገሩ አለቀ። ኒኮን መግጠሚያውን ጠብቆ ደንበኞቹን አስደሰተ፤ ነገር ግን ‘ይገጥማል’ የሚለው ቃል በየጊዜው ከትርጉሙ እየተሸረፈ ሄደ። በ1970 ‘ይገጥማል’ ማለት ‘ይሠራል’ ማለት ነበር ለማለት ይቻላል፤ በ2016 ግን ‘ይገጥማል’ ማለት ‘አይወድቅም’ ከማለት ብዙም የማይበልጥበት ሁኔታ ተፈጠረ። በ2018 ሁለቱም ኩባንያዎች አዳዲስ መግጠሚያ ሲያወጡ ልዩነቱ እንደ ገና ታየ። የካኖን የቀድሞ ሌንሶች ሞተራቸው በውስጣቸው ስለ ነበር በማገናኛ አማካይነት ከአዲሱ ቦዲ ጋር ተሰክተው ማተኮራቸውን ቀጠሉ፤ ማገናኛው ኤሌክትሪክና መልእክት ማስተላለፍ ብቻ በቃው። በኒኮን ማገናኛ ውስጥ ግን የሚዞር ዘንግ ስለ ሌለ ሞተር የሌላቸው ሌንሶች በእጅ ብቻ የሚሠሩ ሆነው ቀሩ።

3. የአምራቾች ስያሜ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሸቀጥን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ተርጓሚው ከፊቱ የሚያገኘው መነሻ ጽሑፍ ራሱ የጠራ አይደለምና ሂሱ ከዚያ ሊጀምር ይገባል።

የመጀመሪያው ጉድለት ሞክሼነት ነው። በኒኮን መለያዎች ውስጥ ‘ኤኤፍ-ኤስ’ ማለት በሌንስ ላይ ሲጻፍ ሞተሩ በውስጡ ያለ ሌንስ ማለት ነው። ያው ‘ኤኤፍ-ኤስ’ በካሜራው ማዘዣ ላይ ሲጻፍ ደግሞ አንድ ጊዜ አተኩሮ የሚቆም የማተኮር ዘዴ ማለት ነው፤ ተቃራኒውም ሳያቋርጥ የሚያተኩረው ‘ኤኤፍ-ሲ’ ነው። ሁለቱ አይዛመዱም። ኤኤፍ-ኤስ ያልሆነ ሌንስ በኤኤፍ-ኤስ ዘዴ ሊሠራ ይችላል። ‘ዲ’ የሚለው ፊደልም እንዲሁ ነው፤ በዲ40 ላይ የዲጂታል ካሜራ መለያ ሲሆን በሌንስ ላይ ግን ሌንሱ የርቀትን መረጃ ለካሜራው የሚያቀብል መሆኑን ያመለክታል። በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ‘ዲ ሌንስ በዲ40 ላይ’ የሚል ሐረግ ሲገኝ፣ ፊደላቱን እንዳሉ ወደ አማርኛ ያሻገረ ተርጓሚ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው ብሎ ለአንባቢው የተናገረ ያህል ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሞተር አልባው ዲ ሌንስ ከዲ40 ጋር በራሱ አያተኩርም።

ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ ሥር የሰደደ ነው። ሞተር የሌለው የ1986ቱ ሌንስ በስሙ ‘ኤኤፍ’ ተብሏል፤ ይህም በራሱ የሚያተኩር ማለት ነው። ሌንሱ ግን በራሱ አያተኩርም፤ ቦዲው ያስተኩረዋል እንጂ። የሁለቱ ጥምረት ችሎታ የሆነው ለአንዱ ብቻ እንደ ባሕርይ ተሰጠ። ቦዲው ሞተር እስከነበረው ድረስ ውሸቱ አልታየም፤ በ2006 ሞተሩ ከቦዲው ሲጠፋ ግን ስሙ ባዶውን ቀረ።

4. የአማርኛው ስያሜ

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። በአማርኛ ለዚህ ነገር ሲውሉ የሚታዩት ቃላት በሁለት ይከፈላሉ፤ ማተኮሩን የሚሰይሙና የሁለቱን ዕቃ ግንኙነት የሚሰይሙ።

ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ‘በራሱ የሚያተኩር’ እና ‘ራስ-ሰር ትኩረት’ ዋነኞቹ ናቸው። ሁለቱም ‘ራስ’ በሚለው ቃል ላይ ቆመዋል። የሰዋስው ተማሪ የሚያነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ይህ ‘ራስ’ የማን ነው? ‘በራሱ የሚያተኩር ሌንስ’ ስንል ተውላጠ ስሙ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ስለዚህ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጠንክሮ ይዋሻል፤ እንግሊዝኛው ባለቤቱን ሳይጠቅስ ያለፈውን አማርኛው በተውላጠ ስም አስሮ ለሌንሱ ያስረክባል። ‘ራስ-ሰር’ የሚለው፣ ‘ራስ ገዝ’ ከሚለው ጋር በአሠራር የሚመሳሰለው ጥምር፣ ተውላጠ ስሙን ስለሚተው በዚህ ረገድ ይሻላል። ሆኖም ተከታዩ ‘ትኩረት’ ሌላ እንቅፋት አለው። በዛሬው አማርኛ ትኩረት በይበልጥ የአእምሮ ነው፤ ትኩረት ይሰጣል፣ ይሳባል፣ ይነፈጋል። ‘የትኩረት ሞተር’ የሚል ሐረግ ያነበበ ሰው ከመስታወት መንቀሳቀስ ይልቅ ስለ ልብ ማድረግ ማሰቡ አይቀርም።

‘ማጥራት’ የሚለውን ግስ መጠቀም ይሻላል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችም ምስሉ ጠራ፣ ደበዘዘ ይላሉና። ይህ ለውጤቱ ጥሩ ቃል ነው። ለመሣሪያው ግን አያገለግልም፤ ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ከዚሁ ግስ የወጣው ‘ጥራት’ የሸቀጥ ደረጃን ስለሚያመለክት ‘የጥራት ሞተር’ ሲባል ጥሩ ሞተር ማለት ይመስላል። ሁለተኛ፣ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ‘ምስሉ ይጠራል’ የሚለው ጽሑፍ ‘ጥርት ይላል’ ተብሎም ‘ስሙ ይጠራል’ ተብሎም ሊነበብ ይችላል። በመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ መንታ ንባብ ሊኖር አይገባም።

በእኔ አስተያየት የሚበጀው ግሱን ‘ማተኮር’ ላይ ማጽናት፣ መሣሪያውን ደግሞ በተለመደው የመሣሪያ ስም ቅርጽ ‘ማተኮሪያ’ ማለት ነው። መቁረጥ መቁረጫን፣ መክፈት መክፈቻን እንደሚሰጥ ሁሉ ማተኮርም ማተኮሪያን ይሰጣል። ‘ማተኮሪያ ሞተር’፣ ‘ማተኮሪያ ቀለበት’፣ ‘ማተኮሪያ ዘንግ’ ስንል ማንም ወደ አእምሮ ትኩረት አይሄድም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ስንመጣ ‘ተስማሚ’ እና በስልኮችና በኮምፒዩተሮች ማያ ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ‘ተኳኋኝ’ ይገኛሉ። ‘ተኳኋኝ’ ቅርጹ የተደራራጊነት መልክ አለው፤ ያ በጎ ነው። ሆኖም ተራው አንባቢ ቃሉን ከየትኛው የሚያውቀው ግስ ጋር እንደሚያዛምደው ስለማያገኝ ለእርሱ ከባዕድ ቃል አይሻልም። ‘ተስማሚ’ በአንጻሩ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ መታወቅ ይመነጫል። አየሩ ተስማማኝ፣ ልብሱ ተስማምቶታል እንላለን፤ ይህ ስምምነት በጥቂቱም በብዙም ይሆናል፣ እንደ ሰዉም ይለያያል። የሌንስና የቦዲ ነገር ግን የምርጫና የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ይሁንና ‘ተስማማ’ በዘሩ ሲመረመር የሚያስገርም ነገር ይገኝበታል። ከ‘ሰማ’ የወጣ ተደራራጊ ግስ ነው፤ ሁለት ወገኖች አንዱ ሌላውን መስማታቸውን ይናገራል። ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ በኤፍ-501 ላይ ያጣው በትክክል ይህን ነው፤ ቦዲውና ሌንሱ አይሰማሙም። ቃሉ የጥንቱን ፍቺውን ይዞ ቢቆይ ኖሮ ሌላ ባልፈለግን ነበር። ግን አልቆየም፤ የቃልን ፍቺ ደግሞ የሚወስነው የዛሬ አጠቃቀሙ እንጂ ትውልዱ አይደለም።

5. የቀረበ ሐሳብ

የአማርኛ ግስ በአምስቱ አዕማድ ሲዘረዘር አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ይሆናል። በዚህ መስክ የታየው ስሕተት ሁሉ ተደራራጊ ሊሆን የሚገባውን ነገር በአድራጊ ከመሰየም የመጣ ነው። የማተኮር ችሎታ የሌንሱ ብቻ ወይም የቦዲው ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ ለብቻው ‘ተስማሚ’ ብሎ ከመሰየም፣ በየዕቃው ያለውን መናገርና ስለ ጥምረታቸው በየደረጃው መመስከር ይሻላል።

ስለ የዕቃው ለመናገር ‘ባለ’ እና ‘አልባ’ ይበቃሉ። ‘ባለሞተር ሌንስ’ ማለት ማተኮሪያ ሞተሩ በውስጡ ያለ ሌንስ፣ ‘ሞተር አልባ ሌንስ’ ማለት ከቦዲው በሚመጣ ዘንግ የሚንቀሳቀስ ሌንስ ነው። ‘ባለሞተር ቦዲ’ እና ‘ሞተር አልባ ቦዲም’ እንዲሁ ናቸው። ‘ቦዲ’ን በ‘አካል’ መተካት አላስፈለገኝም፤ ከጋራዥ እስከ ፎቶ ቤት የታወቀ ቃል ነውና።

ስለ ጥምረታቸው ለመመስከር ሦስት ግሶች ያስፈልጋሉ፤ ‘ይገጥማል’፣ ‘ይናበባል’፣ ‘ያተኩራል’። መግጠም የብረት ከብረት መያያዝ ነው። መናበብ የመልእክትና የትእዛዝ መለዋወጥ ነው። ለዚህ ቃል ልዩ ትኩረት እጠይቃለሁ። በሰዋስዋችን ተናባቢ የምንለው አንዱ ስም ሌላውን ተደግፎ አብሮ የሚነበበውን ነው፤ ተናባቢው ብቻውን ሲቆም ፍቺው ሙሉ አይሆንም። ዛሬም በተራው ንግግር ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተናበው ሠሩ፣ ሳይናበቡ ቀሩ ይባላል። ሌንስና ቦዲም እንዲሁ ናቸው። ማተኮር ደግሞ የጥምረቱ ውጤት ነው፤ ‘በሞተር’ ወይም ‘በእጅ’ የሚል ገላጭ ሊከተለው ይገባል።

በዚህ መንገድ ከላይ የተዘረዘሩት አራት ውጤቶች እንዲህ ይጻፋሉ። ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ በዲ40 ላይ፦ ይገጥማል፣ ይናበባል፣ በሞተር ያተኩራል። ሞተር አልባ ዲ ሌንስ በዲ40 ላይ፦ ይገጥማል፣ ይናበባል፣ በእጅ ብቻ ያተኩራል። ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ በኤፍ-501 ላይ፦ ይገጥማል፣ ከሞተሩ ጋር አይናበብም፣ በእጅ ብቻ ያተኩራል። ኤኤፍ-ፒ ሌንስ በዲ90 ላይ፦ ይገጥማል፣ ከሞተሩ ጋር አይናበብም፣ አያተኩርም። አራቱም ተለያዩ፤ ገዢውም ምን እንደሚያገኝ አወቀ።

የአምራቾቹ የፊደል መለያዎች ሊተረጎሙ አይገባም፤ ምልክት እንጂ ቃል አይደሉምና። ሆኖም ብቻቸውን ከመቆም መከልከል አለባቸው። ‘ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ’ እና ‘ኤኤፍ-ኤስ ዘዴ’፣ ‘ዲ ሌንስ’ እና ‘ዲ40 ካሜራ’ እየተባለ የዓይነት ስም ሳይለያቸው ከተጻፉ ሞክሼነቱ አያሳስትም። ለመዝገበ ቃላት የሚሆን ናሙና ብናቀርብ የሚከተለውን ይመስላል።

ማተኮሪያ ሞተር፦ ስ.፤ ምስል እንዲጠራ የሌንስን የመስታወት ክፍሎች የሚያንቀሳቅስ ሞተር፤ በሌንሱ ወይም በቦዲው ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ባለሞተር ሌንስ፦ ስ.፤ ማተኮሪያ ሞተሩ በውስጡ ያለ ሌንስ። ተቃራኒው፦ ሞተር አልባ ሌንስ። ጥንቃቄ፦ ሞተር መኖሩ ብቻ ከማንኛውም ቦዲ ጋር እንደሚናበብ አያመለክትም።

ተናበበ፦ ተደራራጊ ግ.፤ (ስለ ሌንስና ቦዲ) መልእክትና ትእዛዝ ተለዋወጠ። ከ‘ገጠመ’ ይለያል።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በአንድ ቃል የሚባለውን በሦስት ማለት ቋንቋን ማንዛዛት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ ነገሩ ሦስት ከሆነ ሦስት ቃል አይበዛበትም። አንድ ቃል የሚበቃው ሦስቱ አብረው በሚሄዱበት ጊዜ ነው፤ ካኖን ከ1987 ጀምሮ ባወጣቸው የኢኦኤስ ካሜራዎችና ለእነርሱ በሠራቸው ሌንሶች ዘንድ በአመዛኙ ‘ይገጥማል’ ማለት ‘ያተኩራል’ ለማለት ይበቃል። በማይበቃበት ላይ ግን ማሳጠር መደበቅ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ ቴክኖሎጂው ነገ ስለሚለወጥ ቃሉ ይሞታል የሚል ነው። ዘንግና ስንጥቅ ማለፋቸው እውነት ነው። ሆኖም ያለፈው ዕቃ አይጠፋም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሠራበታል። አገልግሎት የሰጠ ሌንስ ከባሕር ማዶ ዘመድ ሲልክ ወይም ከነባር ባለሙያ ሲገዛ ጥያቄው እንደ ገና ይነሣል። ከዚህም በላይ የተደራራጊነቱ ችግር በካሜራ አያበቃም፤ ማተሚያና ቀለሙ፣ ስልክና ባትሪ መሙያው፣ ፕሮግራምና ኮምፒዩተሩ ሁሉ በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ። መሰኪያው ገብቶ ባትሪው የማይሞላበትን ስልክ የማያውቅ የለም።

አምራቾችም ቢሆኑ የተደራራጊነቱን ነገር አልፎ አልፎ አስበውበታል። ፔንታክስ በ2007 ካወጣቸው ሌንሶች ሁለቱ፣ የ16-50 እና የ50-135 ሚ.ሜ. ሌንሶች፣ የራሳቸው ሞተርም ከቦዲው ለሚመጣው ዘንግ የሚሆን ስንጥቅም ነበራቸው፤ አዲሱ ቦዲ ሞተሩን ሲያዝዝ አሮጌው በዘንጉ ያዞራቸው ነበር። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የተባለው ለእነርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የ17-70 ሚ.ሜ. ሌንስ ግን አንዱን ባላ ብቻ ይዞ መጣ። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ‘ባለሞተር’ መለያ ብቻ የመዘገበ ካታሎግ የአሮጌ ቦዲ ባለቤትን ያሳስተዋል፤ ለመጀመሪያዎቹ ‘ባለሞተርና ባለዘንግ’ ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለት ቃል ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ሌንስ ያህላል።

የቃላት ኮሚቴም ሆነ ብቻውን የሚሠራ ተርጓሚ ‘ተስማሚ ነው’ ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ ከምን ጋር፣ በምን በኩልና እስከ ምን ድረስ ብሎ ቢጠይቅ ከዚህ ሂስ የሚፈለገው ተፈጸመ። አማርኛ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከጥንት አለው፤ ተደራራጊው ግስ በጃችን ነው፣ ተናባቢውም እንዲሁ። የቀረው እነርሱን በየመመሪያውና በየካታሎጉ ላይ ማዋል ነው።